የደሴ ቆሻሻ ማን ደጅ ይደርሳል?

(ደሴ ላይ ለቅሬ፣ ማለትም ለእድር አባላት፣ ለመምህራንና ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። የቅሬ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ቆሻሻ ነው የማወራችሁ። በቀጥታ ከቦርከና ወንዝ ልጀምር።

ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየሰፈሩ ቦይ ይገባል። ቦዩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ቦርከና ላይ ይጥለዋል። ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን፣ ዳይፐሩን፣ ከቄራና ከሥጋ ቤት የተረፈውን። ደሴ ያለችው ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውሃው ታዲያ ምን ያቆመዋል? እየተንደረደረ ይወርዳል። እኛ ከደጃችን የጠፋ የመሰለን ነገር የቃሉ ወረዳ ገበሬ አትክልት የሚያጠጣበት ውሃ ውስጥ ይገኛል።

ከዚያም አልፎ ጨፋ አለ። ጨፋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጋ ሲበረታና ሣር ሲጠፋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት የሚሰማራው እዚያ ረግረግ ላይ ነው። ከብት ፌስታል ይበላል። የበላው ፌስታል ሆዱ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል እንጂ አይፈጭም። ከብቱ ይከሳል፣ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። ባለቤቱ ግን ያንን ፌስታል አልገዛውም፤ ዕቃም አልቋጠረበትም።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው። ቆሻሻ ከቤታችን ሲወጣ ሌላ ሰው ደጅ ይደርሳል። መንገድ ላይ ደግሞ የሚሸከመው ሰው አለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳናማክር፣ ሳንከፍላቸው፣ ድርሻቸውን ሳንሰጣቸው የምናወጣው የጽዳት ዕቅድ ሁሉ ይፈርሳል። ፍትሕን እንደ በጎ አድራጎት አትዩት። የሥራው መሠረት እሱ ነው። ያለ እሱ መኪናውም፣ ገንዳውም፣ ማስወገጃውም አይሠራም።

ይህን የምለው ከባዶ ተነስቼ አይደለም። አዲስ አበባ የሆነውን ልንገራችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ለእኛ ከዚህ የቀረበ ትምህርት የለም።

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ረጲ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ መድፋት የጀመረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ ቆሼን መሀሏ አስገባችው። ድሃ ሰው መሬትና ኪራይ ወደሚቀንስበት ይሄዳል፤ ስለዚህ በቆሻሻው ክምር ግርጌ ሰፈር ተመሠረተ። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከክምሩ በሚለቅሙት ነበር። ክምሩ ሞልቶ ሲያልፍ ሰንዳፋ አካባቢ በፈረንሳይ ድጋፍ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ጀመረ።

የቆየው ለወራት ብቻ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታው፣ ስለ ውሃቸው፣ ስለ ከብታቸው አቤት አሉ፤ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ቦታው ተዘጋ። መኪኖቹም ተመልሰው ወደ ቆሼ ሄዱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ግርጌው የነበሩትን ቤቶች ከነሰዉ ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል እናቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ።

የናዳ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከፍታው አለ፣ ያልተጠቀጠቀ ክምር አለ፣ ውስጡ የገባ ውሃ አለ። እኔ የማነሳው ሌላውን ነው። ከተማዋ ገንዘብም መሐንዲስም አግኝታ ነበር። ያላገኘችው የሰንዳፋን ገበሬ እሺታ ነው። ገበሬው ደግሞ ክፉ ሆኖ አልነበረም። የማያውቀው ከተማ ቆሻሻ ውሃው አጠገብ ሲራገፍ ማን ዝም ይላል? እኔም እናንተም ዝም አንልም። እሱን አስቀድሞ አስቀምጦ ማነጋገር ቀላሉ ሥራ ነበር። ያ ስላልሆነ ዕዳውን የከፈሉት የቆሼ ነዋሪዎች ናቸው።

ማፑቶ ላይም እንዲሁ ሆኗል። በ2010 ዓ.ም. የካቲት ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሌኔ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ሌሊት ተንዶ ሰው ገደለ። ካምፓላ ላይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ኪቴዚ ተናደ፤ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። እዚያም ዝናብ ነበር። ሦስቱም ከተማ ላይ የሞተው ከክምሩ ሥር ቤት የሠራ ድሃ ነው። እኛ የምንኖረው ዳገት ላይ ነው። ክረምታችን ኃይለኛ ነው። ገደል ባየን ቁጥር ቆሻሻ የምንደፋ ከሆነ፣ ከገደሉ በታች ማን እንዳለ መጠየቅ አለብን።

ስለ አፍሪካ ከተሞች ቁጥር ልጥቀስ። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2016 እ.ኤ.አ. 174 ሚሊዮን ቶን ደረቅ ቆሻሻ አመንጭተዋል። ለአንድ ሰው በቀን ሲካፈል 0.46 ኪሎ ነው። የሰሜን አሜሪካ ሰው በቀን 2.2 ኪሎ ያህል ያወጣል። እንግዲህ እኛ ብዙ የምንጥል ሕዝቦች አይደለንም። ችግራችን ሌላ ነው፤ ከወጣው ውስጥ የሚሰበሰበው 44 በመቶ ብቻ ነው። በ2050 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጠኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል።

የማይሰበሰበው 56 በመቶ የማን ነው? መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ደሴን የሚያውቅ ይህን አይጠይቅም። አስፋልት ዳር ያለው ሆቴል ይነሳለታል። ዳገቱ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ውስጥ ያሉት እናት ግን ወይ ቦይ ይወስዱታል ወይ ግቢያቸው ውስጥ ያቃጥሉታል። ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሌላ አማራጭ ያልተሰጠው ሰው ቦይ ውስጥ ቢጥል አይገርመኝም። ከተማችን ደግሞ እየሰፋች ነው። ከገጠር የሚመጣው አለ፤ ጦርነቱ ያፈናቀለውም ብዙ ነው። የሚመጣው ሰው የሚያርፈው እነዚያው ቅያሶች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማዳበሪያው ልግባ። ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ማዳበሪያ ማለቴ ነው። ከተማሪዎች ጋር ሆነን ከአንድ ግቢ የወጣ ማዳበሪያ ሸራ ላይ ዘረገፍን። አብራን አንዲት ቆሻሻ ሰብሳቢ እህት ነበረች። ልጆቹ ጓንት አድርገው እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ «ቆይ! በጓንት አትመኑ፤ መጀመሪያ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉት» አለች። እንዳለችውም ሆነ። ከአመዱ ሥር የተሰበረ ብርጭቆና ሁለት ምላጭ ወጣ። እጇን አሳየችን። ጠባሳው ብዙ ነው።

ከላይ የከሰል አመድ ነበር። ቀጥሎ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የደረቀ ቄጠማ፣ የጫት ገረባ። ከሥር ፌስታል ውስጥ የታሰረ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ዳይፐር፣ የባትሪ ድንጋይ። ለየብቻ ስንከምረው ትልቁ ክምር የሚበሰብሰው ሆነ። አመዱ ተከተለ። ፌስታልና ሃይላንዱ ቦታ ይይዛል እንጂ ሲመዘን ቀላል ነው። በአብዛኛው የአፍሪካ ከተማም እንደዚሁ ነው። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከማጀት የወጣ፣ ከመሬት የመጣ ነገር ነው።

ይህ ብዙ ማለት ነው። በመኪና ጭነን፣ ነዳጅ አቃጥለን፣ ከከተማ አውጥተን የምንቀብረው ዋነኛው ነገር አፈር መሆን የሚችል ነገር ነው። ተቀብሮ አየር ሲያጣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ከዝናብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ደግሞ ምንጭ ይበክላል። ሽታውም ዝንቡም ጅቡም የሚመጣው ከዚሁ ከሚበሰብሰው ነው። እሱን ከቀሪው ብንለየው የችግሩ ትልቁ ክፍል ከመጣያው ቦታ ይወጣል። በተለይም ከመጣያው አጠገብ ከሚኖረው ሰው አፍንጫና ውሃ ይወጣል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። የገጠር ቤት ጓሮ ለምንድን ነው ከራቀው ማሳ የተሻለ የሚያበቅለው? አመዱ፣ ፍጉ፣ የቤት ጥራጊው በየዕለቱ እዚያ ስለሚደፋ ነው። ከተማ ስንገባ ይህን ትተን የሽንኩርት ልጣጭና ምላጭ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ጀመርን።

ብስባሽ መሥራት ከባድ ጥበብ አይደለም። እርጥቡን የማጀት ትርፍራፊ ከደረቅ ቅጠል፣ ከገለባ ወይም ከተከተፈ ገረባ ጋር እያነባበሩ መከመር ነው። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ ይሁን፤ ውሃ አይጠብ። በየጊዜው ይገላበጣል። ክምሩ ውስጡ ይግላል፤ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ የአረም ዘርና ብዙው ተባይ ይሞታል። የደሴ ብርድ ያዘገየዋል፤ ቢሆንም ከተሸፈነ በወራት ውስጥ ይደርሳል። አመድ ግን ብዙ አይጨመርበትም። ጥቂት ይበቃል፤ ሲበዛ ናይትሮጅኑን ያበንነዋል። የቀረው አመድ ሽንት ቤት ላይ ቢነሰነስ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል። ትኩስ አመድ ደግሞ ለብቻው በጣሳ ይቀዝቅዝ። ገንዳ የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ ገንዳ ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል።

ብስባሽ የፋብሪካ ማዳበሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብዬ አልነግራችሁም። ለአንድ ሄክታር ብዙ ቶን ይፈልጋል። ግን አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የተሸረሸረ ማሳን ያነሳል። ማዳበሪያ በጠፋበትና በተወደደበት ጊዜ ለኩታበርና ለደሴ ዙሪያ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ግዴታ አለ፤ ውስጡ ብርጭቆና የፌስታል ቁራጭ አይኑር። አንድ ጊዜ የገበሬው እግር ከተቆረጠ ሁለተኛ አይገዛም። ስለዚህ መለየቱ የግድ ከማጀት ይጀምራል። ከተቀላቀለ በኋላ መለየት የሚችል ማሽን ቢኖርም ውድ ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ ይቆረጣል።

«ለምን እንደ ውጭ አገር አቃጥለን መብራት አናወጣበትም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ረጲ ላይ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ ለዚህ የታሰበ ነው፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ተብሎ ነው የተሠራው። እኔ ለደሴ አልመክረውም። እርጥብ ቆሻሻ ሲነድ ሙቀቱ መጀመሪያ ውሃውን በማትነን ያልቃል። የእኛ ቆሻሻ ደግሞ እርጥብና አመድ ነው። መለዋወጫው በዶላር ነው። በየቀኑም የተወሰነ ቶን ካልቀረበለት አይሠራም። ቆራሌው የሚወስደውን ሃይላንድና ካርቶን ሳይቀር ይሻማል።

ስለ ሰብሳቢዎቹ ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጎህ ሳይቀድ ጋሪ እየገፉ የሚመጡትን እህቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጋሪው ባዶውን ይከብዳል። ዳገቱ ላይ አንዷ ከፊት ትስባለች፣ ሌላዋ ከኋላ በትከሻዋ ትደግፋለች። ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ጋሪው ሰውን ይዞ እንዳይሄድ ድንጋይ እያስገቡ ነው የሚወርዱት። ሰው ማዳበሪያውን በር ላይ ወርውሮላቸው ይገባል። ውስጡ ምላጭ ይኑር መርፌ አይነግራቸውም። ወር ሲሞላ ሒሳብ ሲጠይቁ «ነገ ነይ» ይባላሉ። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ይህ ያመኛል። የቤታችንን ንጽሕና የጠበቀችልን ሴት ከእኛ እኩል ሰላምታ አታገኝም።

ምን ይደረግ? አንደኛ ነገር፣ ክፍያው። በብዙ ቦታ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበራቱ የሚከፈለው ባመጡት ኪዩቢክ ሜትር ልክ ነው። በዚህ አሠራር ሜዳው ላይ አስፋልት ዳር ብቻ የሠራ ማህበር ብዙ ያገኛል፤ ዳገት የወጣው ይከስራል። ታዲያ ቅያሱ ቢዘለል ማን ይገረማል? ለዳገትና ለጠባብ ቅያስ የተለየ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ይተመን። ይህን ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ስብሰባ ሊወስነው የሚችል ነገር ነው። እኔ ከሁሉም በፊት ይህ ቢሆን እመኛለሁ። ቅያሱ ውስጥ ያሉት እናትና ጋሪ የምትገፋዋ እህት በአንድ ውሳኔ ይጠቀማሉ።

ጤናም አለ። የቴታነስ ክትባትና ሦስት ጊዜ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለእነሱ ግዴታ መሆን አለበት። ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ከሥራ በኋላ ሰውነት የሚታጠቡበት ውሃ ያለው ቦታ። በጽሑፍ የተያዘ ውል። ይህ ሁሉ ከአንድ መኪና ዋጋ ያንሳል።

ቆራሌውን ደግሞ አንርሳ። ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ጥሎ ሰፈር ለሰፈር ይጮኻል። ብረቱን፣ ሃይላንዱን፣ ጠርሙሱን፣ የተሰበረ ወንበሩን ይገዛል። ያለ ምንም በጀት፣ ያለ ምንም መኪና ከከተማው ቆሻሻ ይቀንስልናል። ብዙ ጊዜ የምናስበው ግን እንደ ሌባ ነው። መታወቂያ ይሰጠው፣ ማከማቻ ቦታ ይኑረው፣ ሚዛኑ የታወቀ ይሁን።

ካይሮ ይህን ችላ ብላ ተጎድታለች። ዘባሊን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ የከተማዋን ቆሻሻ የሚሰበስቡ፣ በሙቀጠም ተራራ ግርጌ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ የግብፅ ክርስቲያኖች የሆኑ ድሆች። ከሰበሰቡት እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉ ነበር። ምግቡን ለአሳማ፣ ቀሪውን ለየወርክሾፑ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ሥራውን ለውጭ ኩባንያዎች ሰጠች። የኩባንያዎቹ መኪና ጠባብ ቅያስ አይገባም። ነዋሪው ቆሻሻውን አውርዶ መንገድ ላይ ገንዳ ውስጥ እንዲጥል ተጠየቀ፤ ደጁ ድረስ መጥቶ የሚወስድለት ሰው የለመደ ነዋሪ ደግሞ አልወደደውም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሳማ ጉንፋን ፍራቻ ሲመጣ መንግሥት አሳማዎቹን አሳረደ። የምግብ ትርፍራፊው የሚወስደው አጣ፤ ጎዳናው ላይ ተከመረ። የሠለጠነ ሥርዓት ይመጣል ተብሎ የሚሠራው ሥርዓት ነው የፈረሰው። እኛም ነገ ዘመናዊ መኪና ሲመጣልን ጋሪ ገፊዎቹንና ቆራሌውን አስወጥተን እንዳይሆን። አሠሪዎቹ ወይም ባለድርሻዎቹ እነሱ ይሁኑ።

ሕጉስ? ሕግ አለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። ስስ ፌስታልንም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ሩዋንዳ ይህን በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. አድርገውታል። ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቅጣቱ መጀመሪያ ሰኞ ገበያ ላይ ቲማቲም በመደብ የምትሸጠው እናት ላይ እንዳይወድቅ። ፌስታሉን ያመረተውና በጅምላ ያከፋፈለው ይቅደም። ዘንቢልና ቅርጫት የሚሠሩ ሴቶቻችን ብድር ያግኙ፤ ዋጋው ይቀንስ።

አሁን ስለ ቅሬ። ይህን አዳራሽ የሞላችሁት አብዛኞቻችሁ የቅሬ ሰዎች ስለሆናችሁ ነው ደፍሬ የምናገረው። ማዘጋጃ ቤቱ የማያውቀውን ቤት ቅሬ ያውቀዋል። ተከራዩንም፣ ተፈናቃዩንም፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊትም ያውቃል። መዝገብ አለው። ወርሃዊ መዋጮ ይሰበስባል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይቀመጥበታል። ሰው ለመንግሥት ለመክፈል ቢያመነታም የቅሬውን አያስቀርም፤ ያፍራል። የቆሻሻ ክፍያውን ቅሬው ከመዋጮው ጋር ቢሰበስብ፣ ለማህበሩ ቀኑን ጠብቆ ቢያስረክብ፣ መክፈል ያልቻለውን ራሱ ለይቶ ቢምር፣ «ነገ ነይ» ይቀራል። የምሕረቱን ወጪ ደግሞ ብዙ የሚጥለው ይሸፍን። ሆቴሉ፣ የገበያ ማዕከሉ፣ የድግስ አዳራሹ እንደሚጥሉት መጠን ይክፈሉ።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንድ ቅሬ፣ አንድ ሰፈር ይምረጥ። በየግቢው ሁለት ማዳበሪያ ይኑር፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለማይበሰብሰው። ምላጭ፣ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ ክዳን ባለው ጣሳ። የሚበሰብሰውን ብስባሽ የሚያደርግ የወጣቶች ቡድን ይቋቋም፤ ቦታውን ቀበሌው ይስጥ። ያ ሰፈር ከክረምት እስከ ክረምት ይታይ። ከዚያ ሌላው ቅሬ ሄዶ ይጎብኝ።

ኮምቦልቻም የራሷ ጉዳይ አላት፤ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ፍሳሿ ታክሞ መውጣት አለበት። ይህን ከላይ ሆነን አፋችንን ሞልተን መጠየቅ የምንችለው ግን የእኛን ካቆምን ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ።

አንዲት እናት፦ «እኔ በአንድ ክፍል ኪራይ ነው የምኖር። ምግቤንም እዚያው ነው የማበስል። ሁለት ማዳበሪያ የት አድርጌ ነው?»

እውነትዎን ነው፤ እናቴ። በተከራይ ላይ የሚጫን ነገር መሆን የለበትም። ማዳበሪያው የግቢው ነው፤ የሚያቀርበውና ቦታ የሚሰጠው አከራዩ ነው። ስድስት ተከራይ ያለበት ግቢ ሁለት ትልልቅ ማዳበሪያ ግድግዳ ላይ አስሮ ይጠቀማል። እርስዎ ክፍልዎ ውስጥ የሚያስፈልግዎ አንዲት ክዳን ያላት ባልዲ ብቻ ናት፤ ለማጀት ትርፍራፊው። ማታ ማታ ይደፏታል። ቅሬው አከራዮቹን ቢያነጋግር ይሻላል። ተከራዩ ቢናገር «ውጣልኝ» ሊባል ይችላል።

አንድ ወጣት፦ «ያም ሆኖ የሚቀር ቆሻሻ አለ። ዳይፐሩ፣ ስባሪው። መቅበሪያው የት ይሁን? የትኛው ገበሬ እሺ ይላል?»

ትክክል ነህ፤ ዜሮ አይሆንም። የሚበሰብሰው ከወጣለት ግን ሽታው በጣም ይቀንሳል፤ ቦታውም ቶሎ አይሞላም። ቦታው ከወንዝና ከገደል የራቀ፣ ውሃ ወደ ታች የማያሰርግ አፈር ያለው ይሁን፤ የሚወርደውን ፈሳሽ የሚይዝ ኩሬም ይሠራለት። ከግንባታው በፊት ግን ውል ይፈረም። ከአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ከሴቶቹ፣ ከአበጋሮቹ፣ ከአስታራቂ አባቶቹ ጋር። ከእያንዳንዱ መኪና ጭነት የተወሰነ ገንዘብ ለዚያ ቀበሌ መንገድና ውሃ ይግባ። የሥራው ቅድሚያ ለልጆቻቸው ይሁን። የጉድጓድና የምንጭ ውሃቸው በየሦስት ወሩ ይመርመር፤ ውጤቱም መጀመሪያ ለእነሱ ይነገር። ውሃው ከተበላሸ መኪናው እስኪስተካከል ይቆማል የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ይኑር፤ የማቆሙ ሥልጣንም የእነሱ ይሁን። እንዲህ ያለ ውል ይዘን ብንሄድ እምቢ ይሉናል ብዬ አላስብም።